የእናቴ ብሪጅ፦ ዚርኮኒያ ስር ያሉትን ጥርሶች ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው?

የሳሪሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከታች በኩል ትልቁ መንጋጋ ጥርሷ (ስድስተኛው) ተነቅሎ ቦታው ባዶ ነው። ግራና ቀኙን ይዞ ሦስት ጥርስ የሚሆን ብሪጅ (ሁለቱ ጎረቤት ጥርሶች ላይ የሚጣበቅ ተያያዥ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ልናሠራላት ነው። አንዱ ክሊኒክ ከውስጥ ሜታል ከላይ ፖርሰሊን አለን፣ ሌላው ዚርኮኒያ (ጠንካራ ነጭ ሴራሚክ)፣ ሦስተኛው ደግሞ ኢማክስ (መስታወት መሰል ሴራሚክ) ነው የሚያምረው አለ። የእህቴ ባል በበኩሉ "ዚርኮኒያ ድንጋይ ነው፣ ጫናውን ሁሉ ስር ላሉት ጥርሶች ነው የሚያወርደው፣ ለስለስ ያለ ነገር ይሻላል" ብሎ ቤቱን አሸበረው። እናቴ ደግሞ ቆሎ አትተውም፣ ይሄን ከወዲሁ ልናገር። የቱ ይሻላል?

ላብ_ውስጥ፦
እህቴ፣ እኔ የጥርስ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ኢማክስን ከአሁኑ ሰርዢው። ቆንጆ ነው፣ ለፊት ጥርስ እኔም እመርጠዋለሁ። ግን አምራቹ ራሱ ለብሪጅ የሚፈቅደው የኋለኛው ተሸካሚ ጥርስ ከአምስተኛው እስካላለፈ ድረስ ነው። የእናትሽ ሰባተኛው ላይ ነው የሚያርፈው።

ብሪጅ ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ ጥርስና ጥርስ የሚገናኙበት አንገት ላይ ነው፣ ያውም በድድ በኩል። መሀሉ ሲነከስበት ላዩ ይጨመቃል፣ ታቹ ይለጠጣል፤ ሴራሚክ ደግሞ መጨመቅን ይችላል እንጂ መለጠጥ አይሆንለትም። ለዚህ ነው ለኋላ ጥርስ ዚርኮኒያ ሲሆን አንገቱን 9 ካሬ ሚሊሜትር አካባቢ የምናደርገው፣ ለኢማክስ 16 ነው የሚጠየቀው። ሜታል ከዚህም ባነሰ ይሠራል። የእናትሽ ጥርስ አጭር ከሆነ ግን ያን ያህል ቦታ ከየት ይመጣል? ወደ ጎን ማስፋት እንደ ቁመት አይጠቅምም። ደግሞ አንዳንዶች ጥርሶቹ የተለያዩ እንዲመስሉ ብለው በዲስክ ጥልቅ አድርገው ይቆርጡታል፣ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። ስንጥቁ የሚጀምረው እዚያች ስል ቦታ ላይ ነው።

ሜካኒካል_ነኝ፦
የእህትሽ ባል ያለው ከሩቅ ሲያዩት ልክ ይመስላል። ግን ንክሻው ያው ንክሻ ነው። ቁሱ ስለለሰለሰ ከመንጋጋ የሚመጣው ኃይል አይቀንስም፣ የሚለወጠው ውጥረቱ የሚከማችበት ቦታ ነው። ግትር ቁስ እምብዛም ሳይጎብጥ ውጥረቱን ራሱ ውስጥ ይይዛል፣ ሸክሙንም ለሁለቱ ጥርሶች ያካፍላል። ለስላሳው ይጎብጣል፣ በጎበጠ ቁጥር ደግሞ የተጣበቀበትን ሲሚንቶ ጠርዝ ጠርዙን ይጎትተዋል።

ቁጥሩን እዩት። ዴንቲን፣ ማለትም ከኢናሜል ስር ያለው የጥርስ አካል፣ ግትርነቱ 18 ጊጋፓስካል (የግትርነት መለኪያ) ገደማ ነው። ለስላሳ ከሚባሉት አንዱ፣ ፒክ የሚባለው ፕላስቲክ፣ 4 ገደማ። ዚርኮኒያ 200 ገደማ። ኮባልት ክሮም የሚባለው ሜታልስ? እሱም 200 ገደማ! ግትርነት ብቻውን ጥርስ የሚያጠፋ ቢሆን ሜታሉ ድሮ ጨርሶን ነበር።

እንደኔ ከቁሱ በፊት የሚታየው ርዝመቱ ነው። ብሪጅ ሁለት ግድግዳ ላይ የተጋደመ ወራጅ ነው። አንድ ጥርስ ሲጎድል የሚጎብጠውን 1 ካልነው፣ ቁሱና ውፍረቱ ሳይለወጥ ሁለት ሲጎድል 8፣ ሦስት ሲጎድል 27 ይሆናል። ከላይ እስከ ታች ያለውን ውፍረቱን በግማሽ መቀነስም ያው 8 እጥፍ ነው። የእናትሽ የጎደለው አንድ ብቻ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው።

ዶክ_የጥርስ፦
ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ የምጨምረው፣ "ዚርኮኒያ" ብቻ ካሏችሁ ገና ምንም አልነገሯችሁም። 3ዋይ የሚባለው ዓይነት ሳይሰበር 1000 ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ) አካባቢ ይችላል፣ ብርሃን በደንብ የሚያሳልፈው 5ዋይ ግን ከዚያ በጣም ያንሳል። ለመንጋጋ 3ዋይ ነው። ቀጥለሽ ደግሞ ሙሉው ዚርኮኒያ ነው ወይስ ፖርሰሊን ይለበጥበታል ብለሽ ጠይቂ። የሚለበጠው ፖርሰሊን 100 ሜጋፓስካል አካባቢ ቢችል ነው፣ ቆሎ ላይ የሚላጠውም እሱ ነው። ዚርኮኒያ ሙቀት ቶሎ ስለማያሳልፍ ከምድጃ ወጥቶ በፍጥነት ከቀዘቀዘ፣ በተለይ ልባጡ ወፍራም ከሆነ፣ ፖርሰሊኑ ገና አፍ ሳይገባ ውስጡ ውጥረት ይዞ ይቀራል።

ስለዚህ ለእናትሽ ሙሉ ዚርኮኒያ፣ ግን በደንብ የተወለወለ። ሻካራ ከተተወ የላይኛውን ጥርስ ይበላባቸዋል። ጥርሳቸው አጭር ሆኖ አንገቱ ካልሞላ ወደ ሜታል እሄዳለሁ፣ የማኘኪያውን ገጽም ሜታል አድርጌ እተወዋለሁ። አያምርም፣ ግን እዚያ ኋላ ማን ያየዋል።

የሳሪሷ፦
ተባረኩ! ለእህቴ ባል አሳየሁት፣ ዝም ብሏል። ዶክ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ የኋለኛው ሰባተኛው ጥርሷ ትንሽ ይነቃነቃል። ለውጥ አለው?

ዶክ_የጥርስ፦
አለው እንጂ! ሁሉንም ይለውጠዋል። አንዱ ተሸካሚ ሲሰምጥ ሌላው በቦታው ሲቀር በጠንካራው በኩል ሲሚንቶው ይላቀቃል፣ ብሪጁ ግን ስለማይወልቅ ከስሩ ጥርሱ እየበሰበሰ ማንም አያውቅም። ይሄ በየትኛውም ቁስ አይስተካከልም። በቅድሚያ ኤክስሬይ ይነሡ፣ አጥንቱ ምን ያህል እንደቀረ ይታይ፣ ድዳቸው ይታከም። ከዚያ በኋላም የሚነቃነቅ ከሆነ እኔ ብሪጅ አልሠራላቸውም፣ ስለ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ ስለሚተከል ጥርስ) ወይም ስለሚወልቅ ጥርስ ነው የምናወራው። ለአሁኑ ለየትኛውም ክሊኒክ ቀብድ አትክፈሉ።