«የካሴት ማሟያ» የተባሉት ዘፈኖች ጉዳይ

የጦሳ ልጅ
ትናንት ማታ ደሴ ላይ በሚሰማ አንድ የሙዚቃ ፕሮግራም አቅራቢው «ከትልልቆቹ የሮክና የፖፕ ዘፋኞች አልበም ሂቱን ካወጣችሁለት የቀረው የካሴት ማሟያ ነው» ብሎ አለፈ። ምሳሌ አድርጎ የጠራው ደግሞ የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» ነው። ከስንት አልበም መርጦ «ትሪለር»ን! 9 ዘፈን አለው፤ 7ቱ ሲንግል ሆነው (ለብቻቸው በትንሽ ሸክላ) ወጡ፣ 7ቱም የአሜሪካ ቻርት አስር ውስጥ ገቡ። የቀሩት «ቤቢ ቢ ማይን» እና «ዘ ሌዲ ኢን ማይ ላይፍ» ናቸው። ሁለቱንም የጻፈው ሮድ ቴምፐርተን ነው፤ የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን የጻፈው ያው ሰውዬ። እነዚህን ማሟያ ማለት አልበሙን ጨርሶ አለመስማት ነው።

ቦርከና
እኔ ከአቅራቢው ጋር ነኝ። ከ9 ዘፈን 7 መርጠው 2 ከተዉ የተዉት ደከም ያለውን ነው። ኩባንያ የሚሸጥ ዘፈን ይዞ ዝም አይልም።

የጦሳ ልጅ
«ደከም ያለውን» ነው ያልከው? እንግዲህ ስማ። አልበሙ ተሠርቶ ሲያልቅ የሸክላው አንድ ጎን ከሚገባው በላይ ረዘመ። ሸክላ ላይ ደቂቃ በጨመርክ ቁጥር መርፌው የሚሄድበት ቦይ እየጠበበ ይሄዳል፤ ቦዩ ሲጠብ ድምፁ ይቀንሳል፣ ቤዙም ይሳሳል። የአልበሙ ፕሮዲዩሰር ኩዊንሲ ጆንስና የድምፅ መሐንዲሱ ብሩስ ስዊዲን ቁጭ ብለው መቀነስ ነበረባቸው። የ«ቢሊ ጂን»ን መግቢያ አሳጠሩ፣ ከ«ዘ ሌዲ ኢን ማይ ላይፍ» አንድ አንጓ ቆረጡ። ማሟያ ቢሆን ኖሮ ዘፈኑን እንዳለ ይጥሉት ነበር፤ አንጓ እየቆረጡ ለማትረፍ አይደክሙም።

ሐይቅ ዳር
ቦታ ስላጣ የተጣለ ከተነሳማ የፍሊትዉድ ማክ «ሲልቨር ስፕሪንግስ» አለላችሁ። የባንዱ ዘፋኝ ስቲቪ ኒክስ «ሩመርስ» ለሚለው አልበማቸው ነው የጻፈችው። ረጅም ስለነበር ሸክላው ላይ አልገባ አለ፤ አውጥተው በምትኩ አጠር ያለ ዘፈኗን አስገቡ። እሱን «ጎ ዩር ኦውን ዌይ» ከሚለው ሲንግል ጀርባ ለጠፉት። ሃያ ዓመት ያህል እዚያ ተቀበረ። በ1997 (እ.ኤ.አ.) መድረክ ላይ ሲጫወቱት ለግራሚ ታጨ። ያው ዘፈን ነው! ዜማውም ግጥሙም አልተለወጠ።

ቦርከና
ሐይቅ ዳር፣ እኔ ስለ አልበም ማሟያ አወራለሁ፣ አንቺ ከአልበም ስለወጣ ዘፈን ታመጫለሽ። «ሲልቨር ስፕሪንግስ» ድንቅ ነው፤ ግን ማሟያ ሆኖ አያውቅም፣ አልበሙ ውስጥ የለማ። ወደ ነገሩ እንመለስ። የቢትልስ የመጀመሪያ አልበም 14 ዘፈን ነው፤ 4ቱ ቀድመው በሲንግል የወጡ፣ የቀሩት 10ሩ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1963 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ቀን የተቀዱ። በአንድ ቀን 10 ዘፈን! ይሄ ሸክላውን መሙላት ካልሆነ ምንድነው?

አዝዋ ገደል
የዚያ ቀን የመጨረሻ ቀረጻ የትኛው እንደነበር ለምን አልጠቀስክም? «ትዊስት ኤንድ ሻውት» ነው። ዘፋኙ ጆን ሌነን ጉንፋን ይዞት ጉሮሮው ተቀዷል፤ ዘፈኑ ድምፅ እንደሚጨርስ ስላወቁ ሆን ብለው መጨረሻ ላይ አደረጉት። አንተ መሙያ የምትለው በማግስቱ ዓመት አሜሪካ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። በአንድ ቀን መቀዳቱ የሚነግርህ ባንዱ ዘፈኖቹን መድረክ ላይ ሲያበስላቸው መክረሙን ነው።

ደግሞ ከቢትልስ መሃል የተረሳ ካላችሁ «ሬይን»ን ስሙ፤ 1966 (እ.ኤ.አ.)፣ ከ«ፔፐርባክ ራይተር» ጀርባ። ከበሮውንና ጊታሩን ፈጠን አድርገው ተጫወቱና የተቀዳበትን የቴፕ ክር አዝግመው አጫወቱት። ክር ሲያዘግም ቅኝቱም አብሮ ይወርዳል፤ ከበሮው የከበደው፣ ጊታሩ የተጎተተው ለዚህ ነው። መጨረሻ ላይ የሌነን ድምፅ ተገልብጦ ይሰማል። በኮምፒውተር ፍጥነቱን ከነቅኝቱ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ብታጫውቱት ያ ክብደት ወዲያው ይጠፋል። ከበሮ መቺው ሪንጎ ከራሱ ከበሮ ሁሉ የሚያስበልጠው ይሄንን ነው።

ሰኞ ገበያ
ወላሂ ሮክ ሮክ ትላላችሁ፣ የሮክ ሶሎ የሚሽከረከርባቸው አምስት ድምፆች የእኛው ባቲ ማይነር ቅኝት ናቸው። ጊታር ያላችሁ በአንድ ክር ሞክሩት፤ ክፍቱን፣ ከዚያ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ፣ 10ኛ፣ 12ኛ መደብ (ፍሬት)። የወሎ ጆሮ እነዚህን የተረሱ ዘፈኖች ቶሎ የሚወደው ለዚህ ነው።

ሐይቅ ዳር
ወንድሜ፣ አምስቱ ድምፅ አንድ ነው፤ ባቲ ግን አይደለም። ሮክ ጊታሪስቱ ክሩን ወደ ላይ እየሳበ በሁለቱ ድምፆች መሃል ይቆማል። ክራር ክሩ እንደተቃኘ ነው የሚመታው፤ መንሸራተቱን የሚያመጡት መሲንቆና ጉሮሮ ናቸው። ማረፊያውም ሌላ ነው። አምባሰልን በዚያው ክር ሞክር፤ ክፍት፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8። እስቲ በዚህ የተሠራ የሮክ ሂት አምጣ።

ሰኞ ገበያ
አምባሰልን ማን አነሳ? እኔ ያልኩት ባቲ ነው።

ቦርከና
ቅኝቱን ተዉትና ወደ ሳይድ ቢ፣ ወደ ሲንግሉ ጀርባ፣ እንመለስ። የኩዊንን «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ሲንግል ገልብጡት፤ የከበሮ መቺው የሮጀር ቴይለር የመኪና ዘፈን ነው። ለምን እዚያ ገባ? ሲንግሉ በተሸጠ ቁጥር የጀርባው ዘፈን ደራሲ ከፊቱ እኩል ስለሚከፈለው። በዚህ ባንዱ ውስጥ ቅሬታ ነበር። የሳይድ ቢ ምርጫ እንዲህ ነው፤ ጥራት አይደለም፣ የገንዘብ ድርሻ ነው።

የጦሳ ልጅ
ይሄ እኮ የእኔን ይደግፋል! የጀርባውን ቦታ የሚወስነው ጥራት ካልሆነ፣ ከጀርባ በመሆኑ ደካማ ነው ማለት አትችልም። የግሎሪያ ጌይነር «አይ ዊል ሰርቫይቭ» 1978 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ ሳይድ ቢ ነበር። ዲስኮ ቤት ያሉ ዲጄዎች ሸክላውን ገለበጡት፤ በዓመቱ አሜሪካ ላይ አንደኛ ሆነ።

ቦርከና
ታዲያ ጥሩው ራሱ ወጣ ማለት ነዋ። ማንም ሳያዝንለት።

አዝዋ ገደል
ራሱ አልወጣም፣ ዲጄ ገለበጠው። የኛ አቅራቢ ሥራም መገልበጥ ነበር፤ እሱ ግን ሳይገለብጥ «ማሟያ» አለ።

ጋሼ ከፒያሳ
ልጆች፣ ማሟያ የሚባለው ነገር ከካሴት ቤት ቅጂ ነው የመጣ። ባለ 90 ካሴት አንድ ጎኑ 45 ደቂቃ ነው። «ትሪለር» 42 ደቂቃ ገደማ፣ «ሩመርስ» 40 ገደማ፤ ሁለቱ በአንድ ካሴት ግራና ቀኝ ልክ ይገባሉ። ቀጂው ግን ሰው የሚጠይቀውን ከፊት ያስቀድማል፣ ሌላውን ቦታ እስኪሞላ ይጨምራል፣ ክር ሲያልቅ መሃል ላይ ይቆረጣል። የክሩ ጫፍ ደግሞ ድምፅ አይዝም፤ ጥቂት ሰከንድ ሳያስኬድ ቀረጻ ከጀመረ የዘፈኑ መግቢያ ይጠፋል። ባለ 90 ክሩ ከባለ 60 ይሳሳል፣ ቶሎ ይጠመጠማል። መግቢያ የሌለው፣ መጨረሻው የተቆረጠ ዘፈን የሰማ ሰው «ማሟያ» ቢል አይገርምም።

ቦርከና
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን እቀበላለሁ። ግን ያ የቅጂ ችግር ነው። አቅራቢው ዛሬ ሙሉውን አልበም በጠራ ድምፅ ይዞ ነው የተናገረው።

የጦሳ ልጅ
ይዞ አልሰማውም ነው የምለው!

ሐይቅ ዳር
ለአቅራቢው የሚላክ እንስማማ። «ሬይን»፣ «ሲልቨር ስፕሪንግስ» የ1997ቱ፣ «ቤቢ ቢ ማይን»። በዚህ ቅደም ተከተል፣ ሳይቆረጡ፣ በላያቸው ሳይወራባቸው።

ቦርከና
የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እፈርማለሁ። «ቤቢ ቢ ማይን»ን አልፈርምም።

የጦሳ ልጅ
ያለ እሱ አይላክም።

ሰኞ ገበያ
ማሪቱ ለገሰስ? ለሰው አገር ዘፈን ስትፈራረሙ፣ እሷን በ«አምባሰል» ብቻ አውቀው ሌላውን ሥራዋን የማያነሱት እነዚሁ ፕሮግራሞች አይደሉም?

ሐይቅ ዳር
አሁን አምባሰልን ማን አነሳ?