«ዲንግ»ን በአማርኛ ምን ልበለው?

ጤና ይስጥልኝ። በጥንታዊት ቻይና በሻንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ስለተሠሩ የነሐስ ዕቃዎች አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ሁለት ቦታ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ።

«ዲንግ» ለአያት ቅድመ አያቶች መንፈስ በሚቀርብ መሥዋዕት ሥጋ የሚበስልበት፣ ሦስት ወይም አራት እግር ያለው ዕቃ ነው። «ድስት» እንዳልለው፣ በ1939 እ.ኤ.አ. በቻይናዋ አንያንግ ከተማ አጠገብ ከመሬት የወጣው ባለ አራት እግሩ ብቻ 832 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ልቤ እሺ አላለም። «ጋን» ደግሞ የመጠጥ ነው፣ እግርም የለው።

ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን በዕቃው ሆድ ላይ የተቀረጸው «ታኦትየ» የሚሉት ፊት ነው። ፊት ለፊት ሲያዩት የፈጠጡ ዓይኖችና ቀንዶች ያሉት፣ የታችኛው መንጋጋ የሌለው አንድ አውሬ ነው። የፎቶግራፉን ግማሽ በእጄ ስሸፍን ግን በጎኑ የቆመ፣ ጅራቱ የተጠቀለለ ዘንዶ ይሆናል። ስሙ ከሻንግ ዘመን በኋላ የተሰጠ በመሆኑ እርሱን ይዤ ትርጉሙን መፈለግ አልችልም።

ለአንባቢ አንድ ፊት ነው ልበል ወይስ ሁለት የተፋጠጡ ዘንዶዎች? የሥነ ጥበብ ታሪክ ያጠናችሁ፣ ቻይና የተማራችሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ። ለ«ዲንግ»ም ክብሩን የሚመጥን የቆየ ቃል የሚያውቅ ካለ፣ በአያቱ ቤት የሰማውም ቢሆን ይጻፍልኝ።