የከተማ አስተዳደር ሥልጣን በሕገ መንግሥት የተጠበቀ ነውን? ምክራችሁን እሻለሁ

የተከበራችሁ የሕግ ባለሙያዎች፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን፣ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን የማዘጋጀው በደሴና በኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች ሥልጣን ላይ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ።

የ1987ቱ የፌዴራል ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች «በቂ ሥልጣን ይሰጣል» ይላል። ይህችን ሐረግ ከማስመሬ ብዛት ገጹ ሊቀደድ ደርሷል፤ ምክንያቱም ሰጪው ማን እንደሆነ፣ «በቂ» የሚባለው እስከ ምን ድረስ እንደሆነና የተሰጠው ቢነሣ ከተማው ለማን አቤት እንደሚል አልተገለጸም። የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ወረዳንና ቀበሌን በስም ጠቅሶ ምክር ቤት እንዲኖራቸው ይደነግጋል፤ የከተማ አስተዳደር ዝርዝር ሥልጣን ግን የሚገኘው በክልሉ ምክር ቤት አዋጅ ስለሆነ፣ ያው ምክር ቤት በሌላ አዋጅ ሊያጠበው ይችላል ማለት ነው። ይህ በእጅጉ ያሳስበኛል፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ በደረስሁ ቁጥር ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድና ስለ ቦታ የሚጠይቀው ሕዝብ የሚቆመው በከተማው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ እንጂ ባሕር ዳር አይደለምና።

አማካሪዬ ከውጭ አገር ጋር አነጻጽር ብለውኛል። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 151 ማዕከላዊውም ሆነ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት የከተሞችን ሥልጣን እንዳያደናቅፍ ይከለክላል፤ በጀርመንም ከተሞች መብታችን ተጣሰ ብለው ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላሉ።

በእኛ አገር አንድ የከተማ ምክር ቤት ሥልጣኔ ተነካ ብሎ የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት ለሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወይም ለክልሉ የሕገ መንግሥት ተርጓሚ ኮሚሽን አቤቱታ ያቀረበበትን ጉዳይ የምታውቁ ካላችሁ፣ ውሳኔው የት እንደሚገኝ ብትጠቁሙኝ ውለታችሁን አልረሳም።