«አይ አም ኮልድ» እና «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦
በእንግሊዝኛ ትምህርት ላይ ሳለሁ መስኮቱ ተከፍቶ ስለነበር በረደኝና፣ መምህሬ እንዲዘጉልኝ በማሰብ «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» አልኳቸው። እርሳቸው ግን መስኮቱን እንደተከፈተ ትተው ሶፍት አቀበሉኝ። «በረደኝ» እና «ጉንፋን ያዘኝ» የሚሉትን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምለያቸው ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
መምህርዎ የተረዱት ጉንፋን እንደያዘዎት ነው። «አይ አም ኮልድ» ወይም «አይ ፊል ኮልድ» ሲባል «ኮልድ» ቅጽል ስለሆነ የሚናገረው ስለ ብርዱ ብቻ ነው፤ «ሃቭ» ቀድሞ «ኤ» ስትገባበት ግን ስም ይሆንና ጉንፋንን ይጠራል። ለአየሩ ደግሞ «ኢት ኢዝ ኮልድ» ይባላል። የሚያደናግረን፣ በእኔ ግምት፣ የራሳችን ሰዋስው ነው፤ በረደኝ፣ ራበኝ፣ ጠማኝ ስንል ተናጋሪው በግሱ መጨረሻ ላይ «ኝ» ሆኖ ተሳቢ ሲሆን፣ እንግሊዝኛው ግን ያንኑ ሰው «አይ» ብሎ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ያደርገዋል።

መልስ 2፦
በሕመሙም በኩል ነገሩ ይገለበጣል። እኛን ጉንፋን ይይዘናል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን «አይ ኮት ኤ ኮልድ» ሲል ጉንፋኑን የያዘው እርሱ ነው። ይሁንና «ካች» (የ«ኮት» መነሻ ግስ) የሚስማማው ለተላላፊ በሽታ ስለሆነ፣ በአማርኛ «ስኳር ያዘኝ» ማለት ስለተቻለ ብቻ ለስኳር በሽታ ወይም ለደም ግፊት ልንጠቀምበት አይገባም። ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ዘ ፍሉ» እንጂ «ኤ ፍሉ» አይባልም።

ጠያቂው፦
በጣም አመሰግናለሁ። «ብርድ መታኝ» የሚለውንስ እንዴት ልበለው?

መልስ 1፦
ለዚህ አንድ ቁርጥ ያለ አቻ የለውም፤ አፍንጫዎ ተደፍኖ የሚያስነጥስዎት ከሆነ «ኤ ኮልድ» ይበሉ፣ ትኩሳት ይዞዎት የሚያንቀጠቅጥዎት ከሆነ ግን «አይ ሃቭ ቺልስ» ይሻላል። እግረ መንገዴን፣ የጉንፋን መንስኤ ቫይረስ፣ በአብዛኛውም ራይኖቫይረስ ሆኖ ሳለ እንግሊዝኛውም በሽታውን በብርድ ስም መጥራቱ፣ ብርድ ያሳምማል የሚለው እምነት የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

መልስ 3፦
ስለ ሌላ ሰው ሲናገሩም ይጠንቀቁ፤ «ሺ ኢዝ ኮልድ» በርዷታል ከማለት ሌላ፣ ፊት የማትሰጥ፣ ለሰው ግድ የሌላት ናት የሚል ትርጉምም አለው። ሐሜት እንዳይመስልብዎ «ሺ ፊልስ ኮልድ» ማለቱ ይመረጣል።