ያለ ጊዜው ለሚወለድ ሕፃን ሆስፒታል ለምትፈልጉ፦ ከማሞቂያው በፊት ስለ መተንፈሻ ማገዣው ሲፓፕ ጠይቁ

በሰባተኛ ወሯ ምጥ የጀመራት እናት ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ «ማሞቂያ ያለው የት ነው?» ብለው ነው። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል በነርስነት ስለምሠራ ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ ሆኖም እነዚህን ሕፃናት አብዝቶ የሚነጥቀን የሳምባ አለመጎልበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በጋንዲ፣ በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት፣ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት 45 በመቶው በዚሁ ምክንያት መሞታቸውን አሳይቷል።

ስለዚህ የምመርጠው ባብል ሲፓፕ፣ ማለትም በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ አየር በግፊት የሚሰጥ መሣሪያ፣ ያለውንና ሌሊትም የሚከታተል ነርስ የማይጠፋበትን ክፍል ነው። የመሣሪያው የአየር መውጫ ቱቦ ጫፍ ውኃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይጠልቃል፤ በዚያ ልክ የሚፈጠረው ግፊት የሕፃኑ ሳምባ እንዳይጣበቅ ይይዘዋል። ውኃው ካልተንተከተከ ወይ ቱቦው ከአፍንጫው ተንሸራቷል፣ ወይ አፉ ተከፍቷል። አንድ ሌሊት የጠርሙሱ ድምፅ መቆሙን ቀድሞ ሰምቶ የጠራን ከልጁ አጠገብ የተቀመጠ አባት ነበር።

በየሆስፒታሉ ከቱቦና ከጠርሙስ የሚገጣጠመው ሲፓፕ ሕይወት ያድናል፤ ነገር ግን አየርና ኦክስጅን የሚያደባልቅ ከሌለው ንጹሕ ኦክስጅን ስለሚሰጥ፣ የበዛው ደግሞ ዓይንን ስለሚጎዳ፣ ማደባለቂያ ያለውን አስቀድማለሁ። ኦክስጅን የሚወስድ ሕፃን የደም ኦክስጅን መጠን ከ90 እስከ 95 በመቶ እንዲሆን ይፈለጋል።

ትንፋሹ እየተቋረጠ ለሚያስቸግር ሕፃን ትንፋሽ ከሚያነቃቁት መድኃኒቶች ካፌይን ከተገኘ ከአሚኖፊሊን ይሻላል፤ የልብ ምትን የማፍጠን ጠባዩ አነስተኛ ነው። የሕፃኑ ሳምባ እንዳይጣበቅ የሚረዳው ሰርፋክታንት ውድ ከመሆኑም በላይ በሠለጠነ እጅ በቀጥታ ወደ አየር ቧንቧው የሚገባ መድኃኒት በመሆኑ፣ ሐኪሙ ሳያዝ ከፋርማሲ ፋርማሲ አትንከራተቱ።

ምጡ ገና ከሆነና ሐኪም ከፈቀደ፣ ከተወለደ በኋላ በአምቡላንስ ከሚንገላታ በእናቱ ማኅፀን ሆኖ ወደ ተሻለው ሆስፒታል ቢደርስ እጅግ ይመረጣል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ከመነሳታችሁ በፊት ለእናትየው የሕፃኑን ሳምባ የሚያጎለብተው መርፌ፣ ዴክሳሜታዞን፣ ይሰጣት እንደሆነ ጠይቁ፤ ከተሰጣትም የተወጋችበት ሰዓት በሪፈር ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ የሚቀበላት ሐኪም ቀጣዩን መርፌ የሚያሰላው ከዚያ ተነሥቶ ነው።