ማብሰል ለሚሰለቸው ሰው የዕለቱን ሥራ የሚያቀልለው ምንድን ነው?

ማለዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ሰው ማብሰል መንፈስን ያድሳል ይላል። ለእኔ ግን በየቀኑ የሚመለስ ሸክም ነው። የሚከብደው እሳት ዳር መቆሙ ሳይሆን ከፊቱና ከኋላው ያለው ነው፤ ምን ይሠራ ብሎ ማሰብ፣ መላጥ፣ መክተፍ፣ በመጨረሻም የተቆለለ ዕቃ። ለ4 ሰው የሚሆን እራት 1 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የሳምንቱን በአንድ ቀን አብስሎ ፍሪጅ ማስገባትም አላዋጣም፤ ረቡዕ ላይ ምግቡን የሚፈልገው ሰው ይጠፋል። ማብሰልን እንድወድ አትምከሩኝ። ድካሙ የሚቀንስበትን መንገድ በመጠንና በደቂቃ የምታውቁ ግን ንገሩኝ።

አለላ፦
ማለዳ፣ ችግሩ በአንድ ቀን መሥራቱ አይደለም፤ ያለቀለትን ምግብ ማስቀመጡ ነው። ያለቀ ምግብ ጣዕሙ አንድ ስለሆነ በ3ኛው ቀን ያንገሸግሻል። ግማሽ መንገድ የሄደውን አስቀምጪ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የሽንኩርት ቁሌት፤ ከዕለቱ ሥራ ረጅሙን ጊዜ የሚበላው እሱ ነውና።

2 ኪሎ ሽንኩርት አድቅቀሽ ክተፊ። ድስቱ አፈ ሰፊ ይሁን፤ በጠባብ ድስት ሽንኩርቱ ተደራርቦ በራሱ ውኃ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጣል አድርጊበት፣ ውኃውን ቶሎ ያወጣዋል። ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት ውኃው እስኪመጥ አማስይው፤ ከዚያ 6 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምረሽ እሳቱን ቀንሺ። በጠቅላላው ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይወስዳል። ከሥር መያዝ ሲጀምር 2 ማንኪያ ውኃ ጠብ አድርገሽ ፋቂው፤ ቡናማው ጣዕም ነው። ከጠቆረ ግን አትንኪው፣ ሁሉንም ያመርረዋል፤ የላይኛውን ወደ ሌላ ድስት ገልብጪ።

ሲበርድ የምግብ ፌስታል ውስጥ ከትተሽ 1 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን አሳሺው፣ በቢላዋ ጀርባ ከላይ መስመር መስመር አስምሪበትና አስተኝተሽ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው። ሲያስፈልግ በመስመሩ ቆርሶ ሳያሟሙ ድስት ውስጥ መጣል ነው። ክብ አድርጎ የጠቀለለው ሰው ግን በመዶሻ ሊፈልጠው ነው። ለ3 ወር ጣዕሙ አይቀየርም።

ጭልፋ፦
በአለላ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ቦሎቄና ሽንብራም በዚሁ መንገድ ቀቅሎ በሚበቃ በሚበቃ ከፋፍሎ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ማታ መዘፍዘፍ፣ ጠዋት ውኃውን መድፋት፣ በአዲስ ውኃ መቀቀል። በፕሬዠር ድስት የተዘፈዘፈ ቦሎቄ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ድስቱን ከግማሽ በላይ አትሙይው፤ አረፋው ወጥቶ የእንፋሎቱን ቀዳዳ ይደፍናል።

አንድ ነገር አደራ፦ ቀይ ቦሎቄ በዝቅተኛ ሙቀት ብቻ ከበሰለ ሆድ ክፉኛ የሚያውክ መርዝ አለው። በተራ ድስት ከሆነ ቢያንስ 10 ደቂቃ ተንተክትኮ መፍላት አለበት። ሩዝም ከተቀቀለ በኋላ ድስቱ ውስጥ ሞቆ አይደር፤ መቀቀል የማይገድላቸው ባክቴሪያዎች በለብታው ውስጥ ይራባሉ። ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግቶ በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ማስገባት፣ በማግስቱ በደንብ አሙቆ መጨረስ ነው።

ማለዳ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ቦሎቄው አንዳንዴ 2 ሰዓት ሙሉ ተቀቅሎም አልበስል የሚለው ለምንድን ነው?

ጭልፋ፦
ወይ አሮጌ ነው፣ ወይ ውኃው ካልሲየም ይበዛበታል፣ ወይ ቲማቲም ወይም ሎሚ ቀድሞ ገብቶበታል። አሲድ ቆዳውንና ውስጡን ያጠነክራል፤ ስለዚህ እነዚህን ከበሰለ በኋላ ጨምሪ። ቦሎቄው አሮጌ ከሆነ ወይም ውኃው ካልሲየም ከበዛበት ግን ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ለ1 ድስት ይበቃል፤ ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል። ጨው ግን ብዙዎች እንደሚሉት ጠላቱ አይደለም፣ መዘፍዘፊያው ውስጥ ቢገባ እንዲያውም ቆዳውን ያለሰልሳል።

ሰበዝ፦
ስለ ድስት ብዙ ተባለ፤ ስለ ቢላዋ ማንም አላነሳም። መክተፍ የሚያስጠላው አብዛኛውን ጊዜ ቢላዋው ስለደነዘ ነው። የበሰለ ቲማቲም ላይ ሳይጫኑ ሲስቡት ቆዳውን ካልበጣ ደንዟል። 1000 ቁጥር የውኃ ሞረድ (በውኃ እየራሰ የሚሠራ መሳያ ድንጋይ) ላይ ቢላዋውን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አዘንብሎ መሳል ነው። በተቃራኒው ጎን በጣት ሲዳሰስ ሻካራ ጠርዝ እስኪሰማ ድረስ አንዱን ጎን መሞረድ፣ ከዚያ መገልበጥ። ብዙ ሰው ያ ጠርዝ ሳይወጣ ስለሚገለብጥ አልሳል ይለዋል። የመስታወት መክተፊያ ካለሽ አስወግጂው፣ ስለቱን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ከእንጨቱ ሥር ደግሞ እርጥብ ጨርቅ አንጥፊ፣ መክተፊያው እንዳይንሸራተት።

ዕቃውንም በተመለከተ፦ ሊጥ፣ እንቁላልና ወተት የነካውን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚያለቀልቁት፤ ሙቅ ውኃ ያጣብቀዋል። ቅባት የነካው በሙቅ ውኃ። ያረረ ድስት ውኃና 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ገብቶበት 10 ደቂቃ ቢፈላ ቅርፊቱ በእንጨት ማንኪያ ይነሳል። ለአሉሚኒየም ድስት ግን ይህን አታድርጊ፣ ያጠቁረዋል።

አለላ፦
ምን ይሠራ ለሚለው፣ ለየቀኑ የምግብ ስም አትመድቢ፤ አሠራሩን መድቢ። ሰኞ ከፍሪዘር፣ ማክሰኞ ኦቨን፣ ረቡዕ በአንድ ድስት። የኦቨኑ ቀን አትክልቱን 3 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ቆርጦ በዘይት ለውሶ 220 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ ያህል መተው ነው። ትሪው ላይ አራርቀሽ ደርድሪው፣ ከተጨናነቀ በእንፋሎት ይላቁጣል።