የሙድል ውጤት መዝገብ ላይ መምህራንን እንዴት ላሰልጥን?

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለመምህራን የሙድል (ኮርሶች በኦንላይን የሚሰጡበት ሲስተም) ድጋፍ እሰጣለሁ። ራስ ምታት የሆነብኝ የውጤት መዝገቡ ነው። ሙድል ካልነካኩት በቀር ባዶ ውጤቶችን ከስሌት ያስወጣል። ስለዚህ ከ20 የሚያዝ አንድ ፈተና ላይ 18 አግኝቶ ሌላውን ሁሉ ያልሠራ ተማሪ ድምሩ 90 በመቶ ይላል። መምህሩ "ሲስተሙ ተበላሽቷል" ብሎ ይደውላል።

አዳራሽ ሙሉ ሰው አሠለጠንኩ። ገብቶናል ብለው ወጡ። በምስል የተደገፈ መመሪያም ላክሁ፤ ማን ያነበዋል! ውጤት መሙያ ሰሞን ሲደርስ ሁሉም እንደ አዲስ ይጠይቃል። ባዶው ሁሉ እንደ ዜሮ እንዲቆጠር ቅንብሩን ለሁሉም ኮርስ ከላይ መቆለፍ ይቻላል፤ ግን ገና ያልተሰጠው ፈተና ሁሉ ዜሮ ሆኖ ይቆጠርና ደግሞ ተማሪው ይደነግጣል።

በጅምላ ማሠልጠኑን ትታችሁ፣ ውጤት መሙያ ሰሞን ላይ መምህራኑን በየራሳቸው ኮርስ እያሠራችሁ ያሠለጠናችሁ ካላችሁ፣ የስልኩ ብዛት ቀነሰላችሁ?